በገጽ አሥራ አራት ስለ ወረደው ፍርድና ስለ ዝምተኛዋ ቁልፍ

ፒያኖው በእልፍኝ ከነገሠ በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ ዝምተኛዋ ቁልፍ ድምፅዋን ከነፈገች በአሥራ ዘጠነኛው፣ ሁለት ኮከብ የተባለው ሐያሲ በጋዜጣው ገጽ አሥራ አራት ዙፋኑን ዘርግቶ በሰው ዘፈን ላይ መፍረድ በጀመረ በዘጠነኛው ዓመት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ቁርስ ከጠረጴዛ ሳይነሣ፣ ልበ ሙሉ፣ ጣተ ረጅም፣ እመ ዘጠኝ ዜማ የሆኑት ባለፒያኖይቱ ጋዜጣ ሊገዙ ደረጃውን ወረዱ። ሐያሲው ሁለት ኮከብ መባሉም ከአምስቱ ከሁለት በላይ ለማንም ሰጥቶ ስለማያውቅ ነው።

ጉዞው ቀላል አልነበረም። በዚያው ሳምንት ወንድማቸው የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ሲስብ ክርኑ ከፒያኖው ጥግ ጋር ተላትሞ፣ በታላቅ ቁጣ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነግሮ ነበርና፦ «ሳሎን ያለህ ስማ፣ ኩሽና ያለህ ለጓዳው አሰማ! በቃ፣ ሰለቸኝ! በዚህ ግንድ ክርናችን አለቀ። ጋዜጣው የእህቴን የዘፈን አልበም ካወደሰ ዝም እላለሁ፤ ካጣጣለው ግን ሰኞ ይሸጣል፣ በቦታው ቁም ሣጥን ይገባል። እማዬም ተስማምታለች!» እናቲቱም መስማማታቸውን ያን ጊዜ ገና ሰሙ።

ባለፒያኖይቱም እጅግ ፈሩ። አልበሙን የቀዱት እዚያው ምግብ ጠረጴዛው አጠገብ፣ መስኮቱን በፍራሽ ጋርደው፣ በዚያው ፒያኖ ነበርና፤ ጣታቸውም ሌላ መሣሪያ አያውቅም። ደግሞ ለማንም ያልነገሩት ምሥጢር ነበራቸው፤ ከመካከለኞቹ ቁልፎች አንዷ ብትመታ አትሰማም። ተበላሽቷል ቢሉ ይጣል እንዳይባል ሰግተው ከልጅነታቸው ጀምሮ አፋቸውን ያዙ፤ ዜማ ሲደርሱም ያቺን ቁልፍ እየዘለሉ ደረሱ።

ወእምዝ ጋዜጣውን ገዝተው፣ ሳይገልጡ፣ በብብታቸው ሸጉጠው ወደ እልፍኝ ተመለሱ፤ ሠራዊቱም ተሰልፎ ጠበቃቸው፤ በቀኝ እናቲቱ መነጽራቸውን ታጥቀው፣ በግራ ስንቱን ምጥ ያዩት አዋላጇ አክስታቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በግድግዳው በኩል የጥርስ ሐኪሙ ሜትር ዘርግቶ የቁም ሣጥኑን ስፋት እየለካ። እናቲቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሐያሲውን አዋጅ አነበቡ፦ «ሁለት ኮከብ። ድምፅዋ ገና ከእንቅልፉ የተነሣ ሰው ድምፅ ነው፤ ግጥሟ ውኃ በዝቶበታል፤ አራተኛው ዘፈን አለቀ ሲሉት ሦስት ደቂቃ ይቀጥላል። አንድ ነገር ግን አልለቅ አለኝ። በዘጠኙም ዘፈን አንዲት ድምፅ የለችም። ዜማው ደህና እየመጣ፣ እየመጣ፣ እዚያች ጋ ሲደርስ ኩሬ እንዳየ ሰው ይዘላል። ስድስት ጊዜ አዳመጥሁት። ይህች ሴት ምንድን ነው የምትሸሸው?»

የጥርስ ሐኪሙም ሜትሩን ወደ ላይ አንሥቶ «ሰኞ!» ሲል አወጀ።

ባለፒያኖይቱ ግን ስድስት ጊዜ ከሚለው በቀር ሌላው ሁሉ ከጆሯቸው ጠፋ። አብሯቸው ሲበላ የኖረው ቤተሰብ አንድ ቀን ልብ ያላለውን፣ ጥርስ ሲመረምር የሚውለው ወንድም እንኳ ያላየውን፣ የማያውቃቸው ሰው ስድስት ጊዜ ተቀምጦ ሰምቷልና ደስ አላቸው፤ አለቀሱም። ከዚያም ወንበር ላይ ወጥተው አወጁ፦ «ቁልፏ አትሠራም! ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አትሠራም! እንዳትሸጡብኝ ብዬ ነው የደበቅኋችሁ። አሁን ከፈለጋችሁ ሽጡት፤ ግን መጀመሪያ ክፈቱልኝ፣ ምን እንደነካት ልይ!»

ያን ጊዜ የጥርስ ሐኪሙ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ገረጣ፤ ሜትሩም ከእጁ ወደቀ። ክዳኑ ተነሣ፤ አዋላጇ አክስት እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡ፤ ጎተት፣ ላላ፣ እንደገና ጎተት አድርገው፣ አራት ቦታ ተጣጥፎ ክሯን በምትመታው በቁልፏ መዶሻ አንገት የተሸጎጠ ሪፖርት ካርድ በሰላም አወጡ። ስሙ የጥርስ ሐኪሙ፤ ክፍሉ ስድስተኛ፤ ሒሳብ ሠላሳ አንድ፤ ደረጃ ከአርባ ስምንት አርባ ሰባተኛ፤ የወላጅ ፊርማ፣ ባዶ። በዚያ ዓመት የጥርስ ሐኪሙ፣ ትምህርት ቤቱ ካርድ አልሰጠም ብሎ ዋሽቶ ነበርና እናቲቱ በታላቅ ድምፅ አወጁ፦ «አንተ ልጅ! ይሄ ፒያኖ ከዛሬ ጀምሮ ንቅንቅ አይላትም! ቁም ሣጥኑን ክሊኒክህ ውስጥ አስገባው። እስክሪብቶ አምጡልኝ!» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘግይተውም ካርዱን ፈረሙ።

ባለፒያኖይቱም ተቀምጠው ቁልፏን መቱ። ድምፅዋ ያልተቃኘ፣ የሻከረ ነበር፤ ግን ወጣ። መላልሰው መቷት፤ አሥረኛው ዜማ ከእርሷ ጀመረ።

ፍርዳቸውን በብብታቸው ይዘው ደረጃ ለወጡ፣ በሁለት ኮከብ ብቻ ፒያኖ ላዳኑ፣ ዝምተኛዪቱን ላናገሩ ለባለፒያኖይቱ ሞገስ ይሁን፤ ዕድሜያቸውም ክብራቸውም እንደ አራተኛው ዘፈናቸው፣ አለቀ ሲሉት ይቀጥል።