ያልተሰጠውን የሚያመሰግኑት እትዬ ውዴ

ሦስት ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት አንዱ ተነሥቶ የምስጋና ንግግር ማድረጉ አይቀርም። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ «ከሁሉ አስቀድሜ» ብሎ የሚጀምርና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ የማይቀመጥ ሰው በየአገሩ ሞልቷል። የካርቱሟ ሰፈራችን ሳጃና ግን በዚህ ከዓለም አንደኛ ናት፤ እትዬ ውዴ አሉና!

ክብርት እትዬ ውዴ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። የትንሿ ትምህርት ቤታችንን የወላጆች ኮሚቴም በሊቀመንበርነት ይመራሉ። እኔ እዚያው አማርኛ አስተምራለሁ። ሌላው ሰው የተሰጠውን ያመሰግናል፤ እሳቸው ያልተሰጠውን። አንዴ ፈረንጆች አሥር ወንበር ይዘውልን መጡ። እትዬ ውዴ ተነሡና «ስለ ወንበሩም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለምትልኩልን የውሃ በርሜልም እግዚአብሔር ይስጥልን!» አሉ። በርሜል የሚል ቃል ያነሣ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ በርሜሉ መጣ፤ ዋላሂ፣ ከመኪና ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ሐጂ ሳሊህ የሚባሉ፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ከተማ ያሉ ባለፋብሪካ ደግሞ ሰላም ሊሉን ብቻ ብቅ ቢሉ ስለ ሁለት ማራገቢያ ተመሰገኑ። ግራ ገብቷቸው «ኢንሻላህ» ብለው ወጡ። ማራገቢያዎቹ ዛሬም ጣሪያችን ላይ ይዞራሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ትንሽ ይሉኝታ አይይዝዎትም?» አልኳቸው።

«ይሉኝታውማ እነሱን ይያዛቸው ብዬ ነው፣ ነቢዩ ልጄ!»

ከዚያ አንድ የውጭ አገር የባህል ማእከል መጣ። የማን አገር እንደሆነ አልናገርም፤ ኮምፒዩተሮቹ ገና እየሠሩ ነው። እንሰጣለን ያሉት ሃያ ኮምፒዩተር፣ ለጎበዝ ተማሪ ደግሞ አውሮፕላን ተሳፍሮ አገራቸው ድረስ ሄዶ መማር! በምትኩ የፈለጉት ቋንቋቸው በየቀኑ አንድ ሰዓት እንዲሰጥ ነው። ሰዓቱ ከየት ይምጣ? ከአማርኛ። ልጆቻችን እንደሆኑ ድሮም «ቲቸር፣ ኪታቤ ማፊ» እያሉ ነው መጽሐፍ መርሳታቸውን የሚነግሩኝ። ያቺ ሰዓት ከሄደች ከእናቶቻቸው ጋር በምን ሊያወሩ ነው? ኮሚቴው ግን ኮምፒዩተሩን አየና ተስማማ።

እኔም ተስፋ ቆረጥኩ። እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት ሾፌርነት አገኘሁና ቅዳሜ ልጀምር ቃል ሰጠሁ። ለማንም አልተነፈስኩም።

ሐሙስ ስምምነቱ የሚፈረምበት ቀን ነበር። ካሜራ መጣ፣ ወላጆች ተሰበሰቡ። እትዬ ውዴ ነጠላቸውን አስተካክለው ማይኩን ያዙና በዚያ በገበያ ዐረብኛቸው ጀመሩ።

«ሹክራን! እርዳታ የሚሰጥ አገር ብዙ ነው። የልጆቻችንን የእናት ቋንቋ ሳይነካ የሚሰጥ ግን የእናንተን ብቻ አየሁ። አማርኛው በቦታው ይሁን፣ የእኛን ከትምህርት ሰዓት በኋላ እናስተምራለን ማለታችሁ! እናንተን ያሳደገች እናት ትባረክ!»

ማን እንዲህ አለና? እናቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የማእከሉ ዳይሬክተር ወደ ካሜራው አዩ፣ ወደ እናቶቹ አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሡ። ብዕራቸውን አውጥተው ውሉ ላይ «ከትምህርት ሰዓት በኋላ» ብለው በእጃቸው ጨመሩ። መንግሥታት የሰው ልብ ለመግዛት ስንት በጀት መድበው፣ ስንት አምባሳደር ልከው ይደክማሉ፤ እኚህ ሴት በአንድ ማይክ የመንግሥትን ልብ ገዙ።

«አንድ ምስጋና ይቀረኛል» አሉ ወደ አማርኛ ተመልሰው። «መምህራችን ነቢዩ፣ ሪያድ ሰፈር የሾፌር ሥራ አግኝቶ ሳለ፣ ልጆቻችንን ጥሎ ስላልሄደ እግዚአብሔር ይስጥልን!»

ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረው እልል አሉ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሣሁ። አርብ ጠዋት ለሪያዱ ሰውዬ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀንም አልቆጨኝም።

እሳቸውን ግን በሰው ፊት አመስግኜ አላውቅም። ስለዚህ እትዬ ውዴ፣ መቶ ዓመት ስለሚኖሩልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።