ከመንገድ የሚታይ መናፈሻ

ይህን የምጽፈው፣ የቦንጋ መናፈሻ ለምን እንደቀረ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ነው። አንባቢ ሆይ፣ መናፈሻ ገምጋሚ የሚባል የሰው ዓይነት አጋጥሞህ ያውቃል? እኔ አይቼዋለሁ። የቀበሌያችንን ማመልከቻ ሊመረምር ከክፍለ ሀገሩ መጣ፤ ከላንድሮቨሩ ሳይወርድም ፈረደ።

«ቦታው ከመንገድ አይታይም። ዋንዛዎቹ ካልተቆረጡ በጀት የለም።»

ከማንኪራ የሚመጣ ገበያተኛ ሁሉ የሚያርፈው በእነዚያ ዋንዛዎች ሥር ነበር። ሆኖም በዚያ ዘመን «ለምን?» ማለት አንገትን ለሰይፍ መስጠት ነበር። ቀፎዎቻቸውን በዛፎቹ ላይ የሰቀሉት ጋሽ አደሎ ብቻ ወደ መኪናው ተጠጉ።

«ጓድ፣ ንቦቼስ?»

«ይደራጃሉ፣ ጋሼ!»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበራችን መጥረቢያ አስመጣ። ንቦቹ ግን ሳይደራጁ ጫካ ገቡ።

ገምጋሚው በወሩ ተመለሰ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ላቡን እየጠረገ የተራቆተውን ሜዳ ቃኘ፤ እኛም ከአፉ የሚወጣውን እንጠብቅ ነበር።

«ጥላ በሌለው ቦታ ነው መናፈሻ የምትጠይቁት? ውድቅ ነው!»

ጋሽ አደሎ ከዋንዛዎቹ ጉቶ በአንዱ ላይ ተቀመጡ።

የጠፋው ይህ ነው፦ አራት ዋንዛ፣ ዘጠኝ ቀፎ ንብ፣ አንድ መናፈሻ።