የበረዶ ሞተር ፋብሪካው ለምን ተዘጋ?

የሩቅ ሰው ኪሳራ ምክንያት የማይሰወርበት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቴፒ ውስጥ ጎረቤቴ ጋሽ ተረፈ አሉ። ሰሞኑን ያስጨነቃቸው፣ በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር የሚሠራ የውጭ አገር ፋብሪካ ሥራውን ማቆሙ ነው። ቆርቆሮ ላይ ከሚንጣጣው በስተቀር በረዶ የት እናውቃለን?

ጠዋት ቡና ለቀማ ልናግዛቸው ማሳቸው ውስጥ ስንገባ ትንተናው ቀጠለ።

«በረዶው በየዓመቱ ሲሳሳ እያዩ ሞተር ይሠራሉ። ዓይን የላቸውም?»

እኔን ግን ሽታው አስፈራኝ። በለቀማ ወር የአበባ ሽታ ከየት መጣ? ቀና ስል፣ ያለጊዜው የጣለው ዝናብ ቡናውን አሳስቶታል። ቀይ ፍሬ የተሸከመው ቅርንጫፍ ሁሉ እስከ ጫካው ጥግ ድረስ እንደ ከፈን ነጭ ለብሷል። ወፍ እንኳን አይሰማም።

ባለቤታቸው ቅርጫቷን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ በጋው ገና ነው። ይሄ አበባ ደርቆ ከረገፈ ለከርሞ ምን እንለቅማለን?»

«ችግሩ የአስተዳደር ነው» አሉ ጋሽ ተረፈ።

«የጠየቅኩህ ስለ ቡናችን ነው።»

ሰው ስለ ራሱ ኪሳራ ሲጠየቅ አንደበቱ ይታሰራል። ጋሽ ተረፈ ወደ ዛፉ ተጠጉ፤ አበባው እንዳይረግፍ በጣታቸው ጫፍ እየተጠነቀቁ፣ ቀዩን ፍሬ አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ።