ኒካህ በስፒከር

ስለ ስልክ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ካሜራው ስንት ዓይን እንዳለው፣ የቱ ከየቱ እንደሚበልጥ፣ አዲሱ መቼ እንደሚወጣ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። እኔ ስለ ስልክ አላወራም። ስልክ እንደ ድሮ መኳንንት ነው፤ ያለ አጀብ ከቤቱ አይወጣም። ገመዱ፣ ሽፋኑ፣ መስተዋቱ፣ ማዳመጫው፣ ፓወር ባንኩ ሁሉ ተከትሎት ነው ሰው የሚመስለው። የእኔ ዕውቀት ያለው አጀቡ ላይ ነው፤ በዚህ ደግሞ ካርቱም ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ የሚስተካከለኝ ሐበሻ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ሥራዬ ቤት መቀባት ነበር። ቀለም ቀቢ እጁ ሁልጊዜ የተያዘ ስለሆነ፣ ለስልክ መለዋወጫ ከእሱ የተሻለ ፈታኝ የለም። ካርቱምም ብትሆን በሙቀቷና በአቧራዋ ታግዛለች፤ እዚያ አንድ በጋ የከረመ ዕቃ የትም ይኖራል። ስለዚህ ስመክራችሁ ስሙኝ። ብርሃን የሚያሳልፈውን ሽፋን አትግዙ፤ ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ውሃ ይመስላል፣ በጋው ሲያልቅ የአጫሽ ጥርስ ይሆናል። መስተዋት በአቧራ ማግሥት አታስለጥፉ፤ የበረሃውን አሸዋ ከስልካችሁ ጋር አሽጋችሁ ነው የምትሄዱት። ገመድ እንደ ዶሮ የሚሞተው አንገቱ ላይ ነውና፣ ገና አዲስ ሳለ የእስኪርብቶ ሞላ ጠምጥሙለት። ፓወር ባንክን በክብደቱ አትመኑት፤ ክብደት እንዲኖረው ውስጡን አሸዋ ሞልተው የሚሸጡ አሉ። ስልካችሁን ሰክታችሁ እዚያው ደጃፉ ላይ አንድ ሻይ ጠጡ፤ ሻዩ አልቆ ባትሪው ፈቀቅ ካላለ፣ ለባለሱቁ ያላ ብላችሁ ተነሡ።

ማዳመጫን በተመለከተ ግን እጄን ሰጥቻለሁ። ፈረንጅ ሰው ስልኩን ሳይዝ እንዲያወራ ስንት ዘመን ደክሟል፤ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሀብታም ሰፈር በየሰው ቤት የሚሠሩት የወሎ እህቶቻችን ነገሩን በሻሽ ጨርሰውታል። ስልኩን ጆሮና ሻሽ መካከል ውሽቅ ማድረግ ነው። ሳህኑ ይታጠባል፣ ወለሉ ይወለወላል፣ ወሬው ከባቲ ይፈስሳል። ማዳሟ ልጅቷ ዚክር እያደረገች መስሏት ከሩቅ ትመርቃታለች፤ ልጅቷ የማን ላም እንደወለደች እየሰማች ነው።

ከዕቃዎቼ ሁሉ የምኮራባት ግን ስፒከሬ ነበረች። የወተት ጣሳ የምታክል፣ ጥቁር፣ ያለ ገመድ ከስልክ ጋር የምትጣመር ናት። ከተጣመረች በኋላ ስልኩ አፉንም ጆሮውንም ለእሷ ያስረክባል፤ የሚደውለው ሰው ድምፅ በእሷ ይወጣል፣ የእናንተም ድምፅ በእሷ ይገባል። የሩቅ ሰው ድምፅ አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚያወራ ያህል ጥርት አድርጋ ታሰማለች። በእሷ ምክንያት ነው እኔ ክርስቲያኑ ሰውዬ የኒካህ ባለሙያ የሆንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ መጥቶ ከተማውን ከመበተኑ በፊት፣ እኛ ሰፈር ኒካህ የሚታሰረው በስልክ ነበር። ልጅቷ ካርቱም ናት፤ እሷን የሚድራት አባቷ ወሎ ነው። አባትየው «ሰጥቻለሁ» ሲል ምስክሮቹ በጆሯቸው መስማት አለባቸው። ምስክሮቹ ደግሞ ሽማግሎች ናቸው፤ አንዱ አልሰማሁም ሲል፣ ሌላው ድገሙልን ሲል፣ አባትየው አንዷን ልጁን ደጋግሞ ሲድር ይውላል። እኔ ስፒከሬን ይዤ ከገባሁ በኋላ ይህ ሁሉ ቀረ። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ተፈላጊ ሆንኩ። እኔ ሃይማኖት አለኝ፣ ስፒከሬ ግን የሁሉም ነበረች።

አንድ ጁምዓ ለዘይነባ ኒካህ ተጠራሁ። ዘይነባ አል-ጣኢፍ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ቃሏ ቁጥብ የሆነ የወሎ ልጅ ናት። ሊያገባት ያለው ኢብራሂም ማዮ ሰፈር የሚኖር፣ ሲሚንቶ እየጫነና እያወረደ የሚያድር፣ ሲስቅ ሰው የሚያስቅ ጎረምሳ ነው። ጎረምሳ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር እወቁልኝ፤ ካርቱም ለእንደ ኢብራሂም ያሉት ከተማ አይደለችም፣ ማረፊያ ናት። ዓይናቸው ሊቢያ ነው፣ ከሊቢያ ባሻገር ባሕሩ ነው። አግብቶ፣ ሚስቱን አስረግዞ፣ አንድ ቀን «መንገድ ተገኘ» ብሎ የጠፋ ስንቱን አይተናል። የዘይነባ አክስት እትዬ ከድጃም ይህን ያውቃሉ። ግን ሴት ልጅ በሰው አገር ብቻዋን ከምትቆይ ብለው ልጁ በጠየቀ በሳምንቱ ሩዙን አስቀቀሉ፣ ሥጋውን አስጠበሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት በሆዴ ይዤ ገባሁ።

ኒካሁ የሚታሰረው ጀሪፍ፣ እትዬ ከድጃ በተከራዩት ቤት ነው። እኛ ወንዶቹ ከፊት ክፍሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ ግቢው። ስልኬን መቆሚያው ላይ፣ ስፒከሯን መሃል ጠረጴዛው ላይ አደረግሁና ወሎ ደወልኩ። የዘይነባ አባት አባባ ይመር ድምፃቸው ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም! ደህና ናችሁ ወይ የተሰበሰባችሁ? ልጆቹ፣ ሽማግሎቹ፣ ሁላችሁም ደህና?»

ካርቱም ተወልደው ያረጁት ሀጂ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማሻአላህ! ሸበካው እኮ እንደ ውሃ ነው።»

ሸበካ የሚሉት ኔትወርኩን ነው። ምስጋናው ግን የእኔ ነበርና ደረቴን ነፋሁ።

አባባ ይመር ቀጠሉ። «ሸሁ ከመጀመራቸው በፊት ልጄን አንድ አፍታ ለብቻዋ ላናግራት።»

ኒካሁን የሚያስሩት ሸህ አደም «ሐቅዎ ነው» አሉ። እትዬ ከድጃ ገቡና ስልኩን ከመቆሚያው አንሥተው ለሙሽራዋ ወሰዱት።

ከእናንተ መካከል የገባው ገብቶታል። ስልኩ ሄደ፤ ስፒከሯ እኛ ዘንድ ቀረች።

«ዘይኔ፣ ብቻሽን ነሽ አይደል?» አለች ስፒከሬ በአባባ ይመር ድምፅ። «ስሚኝ ልጄ። ማንም ሳይሰማን ልጠይቅሽ። ልብሽ ፈቅዶ ነው ወይስ አክስትሽ አጣድፋሽ? ልጁን አላውቀውም። ነገ ሊቢያ ብሎ ጥሎሽ ቢሄድ የሚቃጠለው የእኔ ሆድ ነው። ፈልገሽው እንደሆነ እሺ አባ በይኝ። ካልፈለግሽው ግን ዝም በይ። ዝም ካልሽ ኔትወርክ ጠፋ ብዬ እዘጋዋለሁ። ሰው ባንቺ አይፈርድም፤ በኔትወርኩ ይፈርዳል።»

ላጠፋት ተወረወርኩ። ማጥፊያውና ድምፅ መጨመሪያው ጎን ለጎን ናቸው፤ ስደነግጥ የተጫንኩት መጨመሪያውን ነበር። የመጨረሻዋ ቃል በፊት በሩ ወጥታ መንገድ የደረሰች መሰለኝ።

ከኋላ ግቢው፣ በሴቶቹ ጫጫታ መሃል፣ ዘይነባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆማለች፤ ምንም አይሰማትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ስለ እሷ የተጠየቀውን እኛ ጢማሞቹ ሁሉ ሰምተን እሷ ብቻ አልሰማችም። ኢብራሂም ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እኔ በእውነት አፈርኩ፤ በአባትና በልጅ መሃል የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

አባባ ይመር ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው «ይሁን ልጄ፣ አይዞሽ» አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሃሎ! ሃሎ! ኧረ አይሰማም! ኔትወርኩ እኮ...» ብለው ዘጉት። ውሸት ያልለመደ ሰው ሲዋሽ እንዴት እንደሚያሳዝን ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ የተናገሩት ሀጂ ሰይድ ነበሩ። «ያላ፣ እንቀጥል። የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው። የቆየ ሕግ ነው።»

«ሀጂ፣ እሱ ልክ ነው» አሉ ሸህ አደም። «ግን አባቷ ዝም ካልሽ እምቢ ማለትሽ ነው ብለዋታል። የማንን ዝምታ እንያዝ?»

ይኸው ጭቅጭቅ ተጀመረ። ግማሹ ወደ ሕጉ፣ ግማሹ ወደ አባትየው። መሃል ላይ እትዬ ከድጃ ስልኩን ይዘው ተመለሱና «ሸበካ የለም፤ ልጅቷ አንድ ቃል አልሰማችም። በሉ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ጨርሱት» አሉ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

«ጥፋቱ የሸበካው አይደለም» አልኩ፤ ስፒከሯንም በትክክለኛው ቁልፍ አጠፋኋት።

ሸህ አደም ጥቂት አሰቡ። «ደግመህ ደውል። ስልኩን ብቻ ስጣት። የሰማነውን ደግሞ ማንም እንዳይነግራት፤ ከአባቷ ትስማው።»

ደወልኩ። ዘይነባ ስልኩን ተቀብላ ሻሿ ውስጥ ወሸቀችና የውሃው በርሚል ያለበት የግቢው ጥግ ሄደች። በመስኮቱ ትታየናለች፤ ድምጿ ግን አይደርሰንም። ብዙ አወራች። እኔ እስከዚያ ቀን ከእሷ ብዙ ቃል ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ እንደ ማልቀስ አለች፤ ከዚያ እጇን እያወናጨፈች የምትከራከር መሰለች። ሀጂ ሰይድ የመስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ፣ ኢብራሂም ጫማውን ያያል፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል።

በመጨረሻ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና ስልኩን ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ ስፒከሩ ላይ አድርጉልኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ። አሁን ሁሉም ይስማ።»

አባባ ይመር በዚህ ጊዜ ድምፃቸው የተለየ ነበር። «ልጄ ልጁን ትወደዋለች። ወድጄ ነው ብላኛለች፤ እኔም ፈቅጃለሁ። ግን አንድ ቃል እንዲታሰርልን ፈልገናል፣ እሷም እኔም። ልጁ በሊቢያ መንገድ ላይሄድ በምስክር ፊት ቃሉን ይስጥ። እዚያ ሥራ ካለ አብረው ይሥሩ። ከሌለ ይምጡ፤ ትንሽም ብትሆን መሬት አለችኝ።»

ሸህ አደም «ይህ ቃል ይታሰራል፤ ሐላል ነው» አሉና ወደ ኢብራሂም ዞሩ። «ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ተስማማህ?»

ኢብራሂም አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። አብረውት ከማዮ የመጡት ሁለት ጓደኞቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ ያን ጊዜ የሊቢያው ጉዞ አስቀድሞ እንደተያዘለት ገባኝ። የልጃገረድ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማሩን ሀጂ ሰይድ፣ የጎረምሳ ዝምታ ላይ ስንደርስ ምንም አልተነፈሱም።

«ሃሎ?» አሉ አባባ ይመር። «ምነው ዝም አላችሁ? ኔትወርክ ጠፋ እንዴ?»

ደግ ሰው ናቸው፤ ምናልባት ለልጁም መውጫ እየከፈቱለት ይሆናል። ኢብራሂም ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አንድ ቁልፍ ብጫንለት ይድናል። እጄም ትንሽ ፈልጎ ነበር፣ አልዋሽም።

ዘይነባ ከበሩ ላይ መለሰች። «አልጠፋም አባ። ጥርት ብሎ ይሰማል።»

ያን ቀን ምንም አልታሰረም። የተሠራ ምግብ ጥፋት የለበትምና ሩዙ ተበላ። ኢብራሂም ተነሥቶ የሸሁን እጅ ስሞ ወጣ። ክፉ ልጅ ነው እንዳትሉብኝ፤ «እሺ» ብሎ በአንድ ቃል መገላገል ይችል ነበር፣ አላደረገውም። ብዙም ሳይቆይ መሄዱን ሰማሁ፤ አላህ ያግዘው።

ሰፈሩ ግን ጥፋተኛ ፈለገ፣ አገኘም። ያቺ ስፒከር ሰርግ አፈረሰች ተባለ። እትዬ ከድጃ ሰላምታዬን ነፈጉኝ። ሽማግሎቹም ወደ ድሮው «አልሰማሁም፣ ድገሙልን» ተመለሱ። እኔም ዕቃዬን ጠቅልዬ ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ጁምዓ በሬ ተንኳኳ። ዘይነባ ናት፤ ከአል-ጣኢፍ በሪክሻ መጥታ። ዓይኗ ያበጠ ይመስላል፣ አንገቷ ግን ቀጥ ብሏል። አልቀመጥም አለች።

«ጋሼ፣ ያቺን ዕቃ ሽጡልኝ።»

«ምን ልታደርጊባት? ያን ቀን ታስታውስሽ የለም ወይ?»

«ነገ ሌላ የመጣ እንደሆነ» አለች፣ «እሱም በዚችው ይጠየቅልኛል።»

ስለ አንድ ዕቃ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም። አንሥቼ በነጻ ሰጠኋት።