እናት የማያውቁት ቬፕ

ጺሙ ሸብቶ እንኳ ከእናቱ ተደብቆ የሚያጨስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ በሰው አገር፣ በቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነው ታደሰ እንደዚያ ነው። እናቱ እማማ ብርቄ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውት መኖር ከጀመሩ ወዲህ፣ በዚያ ብርድ በረንዳ ላይ ሲያጨስ ጆሮው ሊረግፍ ምንም አልቀረውም።

አንድ ቀን ከጣት የማትረዝም ቬፕ፣ ማለትም በባትሪ የምትሠራ ሲጋራ፣ ገዝቶ አሳየኝ። መሙላት የለ፣ መፍሰስ የለ፤ ጣዕሟ ማንጎም ይሁን ናና፣ ፈሳሹን የያዘችው ፖዷ ስታልቅ ሌላ መሰካት ብቻ።

«ባትሪዋስ? ጉሮሮ አትከረክርም?» አልኩት።

«እሱን ተወው! ዋናው ሽታ የላትም። እማዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቴስት አድርጌያታለሁ፤ ፐርፌክት!»

እስቲ ፍረዱኝ፤ የቬፕ መመዘኛ እናት ሆነች? ኒኮቲኑ ያው ኒኮቲን፣ ሱሱም ያው ሱስ። ሰውዬው ግን አዲስ መድኃኒት እንዳገኘ ሐኪም ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

ቅዳሜ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ታደሰ ሶፋው ላይ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ፣ የሚያስል መስሎ ቬፗን ከእጅጌው ውስጥ ሳብ ያደርጋል። እኔንም በድል አድራጊነት ይጠቅሰኛል።

«ታዴ» አሉ እማማ ብርቄ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

«አቤት እማዬ?»

«ይቺ የማንጎዋ ራሴን አዞረችኝ። ያለፈው ሳምንቷ የናናዋ ትሻላለች።»