ሰኔ ፲፪ ተቀበረ፣ መስከረም ፲፪ ይነሣል

ያለ ዳኛ የሚያድር ከተማ ይኖር ይሆናል፤ ያለ «አትድፉት!» ባይ ያደረ ከተማ ግን የለም። አማኑኤል ከተማም አለ፣ አምበር ከተማም አይጠፋም። ሰው ጎንበስ ብሎ እጣቢውን ሊደፋ ሲል፣ ከየት መጣ ሳይባል ከኋላው ቆሞ ይገኛል። አይሰርቅም፣ አይለምንም። ሌላው የጠላውን ብቻ ይወዳል።

የሞጣው «አትድፉት!» ባይ ክቡር አያ አካለ ወልድ ናቸው። የሰፈሩ ሰው በሌሉበት «ደጃዝማች አተላ» ይላቸዋል። ባሉበትም ይላቸዋል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በልጅነታቸው መርጡለ ማርያም ወርደው ቅኔ ጀምረው ነበር ይባላል። ቅኔው ሳያልቅ ስንቁ አለቀ። ያም ሆኖ ሰም ሳይቀቡት ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

ማለዳ ጠላ ቤት በር ላይ ናቸው። የማያውቃቸው ሰው ጠጪ ይላቸዋል፤ እሳቸው የሚጠብቁት ጋኑ እስኪታጠብ ነው። ከወፍጮ ቤት ጥራጊ፣ ከጁስ ቤት የማንጎ ልጣጭ፣ ከዘይት መጭመቂያ ከብት እንኳ አሽትቶ የተወውን ፋጉሎ ይሰበስባሉ። ተዝካር ላይ ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ከሁሉ በኋላ ይወጣሉ። ፊታቸው የሟች ወንድም ይመስላል፤ ዓይናቸው ግን የሽንኩርቱ ልጣጭ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ከብቸና፣ ከአረቄ አውጪዎች የተረፈ ዝቃጭ በኬሻ አድርገው በሚኒባስ ይዘው መጡ። ኬሻው መሀል መንገድ ላይ መጨስ ጀመረ። እሳት የለም፣ ግን ይጨሳል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት እግሯን ሲሞቃት ጮኸች።

«አባት፣ ምንድን ነው የሞተው?» አላቸው ረዳቱ።

«አልሞተም። እየተለወጠ ነው።»

«ወደ ምን?»

«አትቸኩል ልጄ፣ ሦስት ወር ይፈጃል።»

ከዚያ ወዲያ ሞጣ እስኪደርሱ የተነፈሰ ሰው አልነበረም አሉ። ሰዉ ኋላ ሄዶ ተደራርቦ ተቀመጠ።

የአጥር ጎረቤታቸው ስርጉት ይህን ሁሉ ሰምታለች። ስርጉት ባቄላ ከክታ፣ ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ፣ ሰው ቀና ብላ የማታይ ሴት ናት። እሷን ግን የሚያስፈራት የሰማችው ሳይሆን የምታየው ነበር። ብርድ በሆነ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ፣ እዚያ ጓሮ የተደረደሩት ክምሮች ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጨሳሉ። ከሥር የተኛ ሰው የሚተነፍስ ይመስላል። ውሻ ዞሮ ያልፋቸዋል። አጠገባቸው የሚበቅለው ጎመን አረንጓዴ መሆኑን ትቶ ወደ ጥቁር ሄዷል፤ ነፋስ ሳይኖርም የሚወዛወዝ ይመስላታል።

«እንዲህ ያለ ጎመን የሚወፍረው መቃብር ላይ ነው» ይላሉ ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ይርጋለም። ስለዚህ ማንም አይገዛቸውም።

በነሐሴ የስርጉት ልጅ እፀገነት ግድግዳ መዳበስ ጀመረች። ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ቀን ደህና ትውላለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን በሩን ትስትና መቃኑን በግንባሯ ትመታዋለች። «እማዬ፣ ለምን አጨለምሽው?» ትላለች፣ ገና ሳይመሽ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ዓይኗን ገልጣ አየቻት። «ዳፍንት ነው። እንክብሉ አልቆብናል፤ ከወረዳ እየጠበቅን ነው። እስኪመጣ ጠቆር ያለ ጎመን አብዢላት። ከቆየ ዓይኗን ያጠፋዋል፣ ዋ!» አለች።

የስርጉት ጓሮ ጎመን እንደ ክረምት ገበሬ ገርጥቶ ከስቷል። የገበያውም ከዚያ አይሻል። ጠቆር ያለ ጎመን ያለው አንድ ጓሮ ብቻ ነበር።

ሦስት ቀን አመነታች። በአራተኛው፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም፣ ነጠላዋን ተከናንባ አጥሩን ዞረች።

«አያ? ቤቶች?»

መልስ የለም። በየክምሩ ራስጌ ሳንቃ ተተክሏል፣ ሳንቃው ላይ ተጽፏል። ስርጉት ፊደል የለየችው በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትሄድም። ጎንበስ ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ይ... ር... ጋ... ለም። ሰኔ ፲፪ ተ... ቀ... በ... ረ።»

ወይዘሮ ይርጋለምን ዛሬ ጠዋት ጋን ሲያጥቡ አይታቸዋለች።

የሚቀጥለው ሳንቃ «የሻው» ይላል። የሻው የዘይት መጭመቂያው ባለቤት ነው። እሱም ተቀብሯል። ትናንት ገበያ ላይ «እንደምን ዋልሽ» ብሏታል። ታዲያ እንደምን ዋልሽ ያላት ማን ነበር?

ዳር ያለው ክምር ከሁሉም ያንሳል። ሳንቃው ላይ ያለውን የመጀመሪያ ፊደል ታውቀዋለች፤ መጻፍ የተማረችው በእሱ ነው።

«ስ... ር... ጉ... ት። ሰኔ ፲፪ ተቀበረ። መስከረም ፲፪ ይ... ነ... ሣል።»

እጇ ሳታዝዘው ክምሩ ላይ ዐረፈ። ይሞቃል። የተኛ ሰው ብብት ያህል ይሞቃል።

«አትንኪያት፣ ገና አልበሰለችም» አለ ድምፅ ከኋላዋ።

አያ አካለ ወልድ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ስርጉት ወደ ሳንቃው ጠቆመች።

«አያ... እኔን መቼ ነው የቀበሩኝ?»

«አንቺን?»

«ስሜ ነዋ! ከሰኔ ወዲህ ልጄን ሲያበላት የከረመ ማን ነው ታዲያ?»

አያ አካለ ወልድ እሷንም ሳንቃውንም እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አዬ ልጄ! ፊቱን አንብበሽ ጀርባውን ተውሽው። ሳንቃው ጠባብ ነው። ሰሙ ከፊት፣ ወርቁ ከኋላ!»

ነቅለው አዞሩላት። ገለፈት ይላል። በይርጋለም ጀርባ አተላ፣ በየሻው ጀርባ ፋጉሎ።

«ባቄላ በከካሽ ቁጥር በአጥሩ የምትጥዪው ገለፈት ነው። የማን ውዳቂ የትኛውን ቅጠል እንደሚያሳምር ካልጻፍኩ በምን ዐውቃለሁ?»

«ይነሣል የሚለውስ?»

«አፈር ሆኖ ካልተነሣ ምን ሊያበላን?»

ከዚያ ሐሳብ ይዟቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዓምና ከኮሌጅ አንድ ባለሙያ መጥቶ ቅጠል ወስዶ አስመርምሮ ነበር። የይርጋለም አተላ ቅጠሉን ያሰፋዋል እንጂ ውስጡ ውኃ ነው አለኝ። ያንቺ ገለፈት ያበቀለው ነው ብረቱም፣ ለዓይን የሚሆነውም በርከት ያለው። እዚያ ዳር ባለው ካሮቴ ላይ ግን ምንም ለውጥ አላገኘም፣ አልዋሽሽም። ደግሞ ይኼ አንድ ጓሮ ነው እንጂ አገር አይደለም ብሎኛል።»

ለዓይን ሲሉ ስርጉት አልቻለችም። «ልጄን ዳፍንት ይዟታል» ብላ አለቀሰች።

አያ አካለ ወልድ ያን ጊዜ ቅኔ አልተናገሩም። ቢላቸውን አውጥተው በዓምናው ገለፈት ላይ ከበቀለው የጎመን መደብ ነጠላዋ እስኪሞላ ቆረጡላት። «በደንብ እጠቢው፣ ብዙ አትቀቅዪው። ዘይት ጠብ አድርጊበት» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

በማግሥቱ ወሬው ሰፈሩን ዞረ። ወይዘሮ ይርጋለም ከጠላ ቤታቸው በር ላይ ሆነው፣ «አንቺ ስርጉት! ልጅሽን የመቃብር ጎመን ታበያታለሽ አሉ! እሷስ ተነሥታ ብትሄድ?» ብለው ጮኹ።

ለማንም መልሳ የማታውቀው ስርጉት፣ «እትዬ ይርጋለም፣ እርስዎም እዚያው ተቀብረዋል። መስከረም ላይ ያገናኘን» አለቻቸው። ወይዘሮ ይርጋለም ያን ቀን ጠላ አልሸጡም።

ለመመለሱስ መለሰች። ግን አንደኛው ሳምንት አለፈ፣ ልጅቷ መቃኑን ትመታለች። ሁለተኛውም አለፈ፣ አሁንም ትመታለች። እንክብሉ ገና መንገድ ላይ ነው። ስርጉት በየቀኑ ቅጠሉን ስትከትፍ፣ ምን እያበላኋት ይሆን? ትላለች።

በአራተኛው ሳምንት ላይ፣ ጀንበር ገብታ ካፊያ እየጣለ፣ እፀገነት ደጃፍ ላይ ቆማ ወደ ጎረቤት ጓሮ አፍጥጣለች።

«እማዬ፣ አያ ጋቢያቸውን አውልቀው ለክምሩ አለበሱት።»

ስርጉት ማማሰያውን እንደያዘች ቀጥ አለች። «የት?»

«እዚያ ነዋ። ዝናብ እንዳይነካው ነው። ራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። አሁን ቁጭ አሉ።»

ስርጉት ዓይኗን አጥብባ አየች። ድንግዝግዝ ነው። አጥሩ እንኳ በቅጡ አይታያትም። ልጇን አየቻት፤ እፀገነት ምንም ሳትዳብስ መሀል በሩ ላይ ቆማለች።

ስርጉት የራሷን ጋቢ ከግድግዳው አወረደች። «እኒህ ሰውዬ በብርድ ሊያልቁብኝ ነው» ብላ አጉረመረመች፣ አባቷን የምትቆጣ ይመስል። «ነይ፣ ያሉበትን አሳዪኝ።»

እፀገነት የእናቷን እጅ ይዛ ፊት ፊት ሄደች።

«ወደዚህ፣ እማዬ። ቀስ፣ እዚያ ጋ ድንጋይ አለ።»