ኮረሪማ የበሉ ዶሮዎች

ዶሮ በዚህች አገር ጥሬዋን ለቅማ፣ አፈሯን ጭራ፣ ያለ አንዳች ዕቅድ ስትጣፍጥ መኖሯ እጅግ የሚያሳፍር ጉዳይ ነበር። ይህን ኋላ ቀርነት ከሥሩ ለመንቀል ከመላው ኮልፌ አንድ ሰው ብቻ ታጥቀው ተነሡ፤ ጋሽ ይገዙ።

ጋሽ ይገዙ የቢሮ ሰው ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም ቢሮው ከእሳቸው አልወጣም። ጦር ኃይሎች አካባቢ በአንድ አዳራሽ ስለ ዶሮ መኖ የተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና ተካፍለዋል። ጠዋት አሠልጣኙ፣ «መኖ ላይ የምንጨምረው ነገር የሥጋውን ጣዕም፣ ቀለምና ልስላሴ ይለውጣል» ሲል በጭብጨባ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ለከሰዓት የቀረው ምን ይጨመር፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ የሚለው ተራ ነገር ስለነበር፣ ምሳቸውን በልተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ታላቅ ሰው ዋናውን ሐሳብ ይይዛል፤ ዝርዝሩ ሌላ ሥራ ለሌለው ሰው ነው።

ጊዜውም አጣዳፊ ነበር። ልጃቸው እፀገነት ልትዳር ነው። የሙሽራው አባት አቶ ጉዲሳ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ከሞያሌ እስከ መተማ ዶሮ ወጥ ያልቀመሱበት ከተማ የለም። አንድ ጊዜ የወንድማቸው ልጅ መልስ ላይ አንድ ጉርሻ ቀምሰው ዝም ብለው እጃቸውን ታጠቡ ይባላል። የዚያ ቤት ሰዎች ዛሬም ድረስ በሰፈሩ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያልፉት። ጋሽ ይገዙ እኚህን ሰው እያወቁ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «የመልሱን ዶሮ እኔ ራሴ አሳድጌ አበላለሁ» ብለው ቃል ገቡ።

የሥጋ ዶሮ ጫጩቶቹ ጓሮ በገቡ ማግስት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩብርሃንን ለስብሰባ ጠሩ።

«ጥሩዬ፣ እስከ ዛሬ ስትሠሪው የኖርሽው ሁሉ ስህተት ነው።»

«ምኑ?»

«ቅመም የምትጨምሪው ዶሮዋ ከታረደች በኋላ ነው። ያኔማ ረፍዷል! እኛ ከነነፍሷ እንጀምራለን። በርበሬውን፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን እየበላች ትደግ። የምትታረደው ወጥ ሆና ነው።»

«እንቁላሉንስ ቀቅላ ትጥለዋለች?»

«እሱ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው።»

ሥራው ተጀመረ። ጋሽ ይገዙ ዶሮ በጭፍን መመገብ የለባትም ብለው ስለሚያምኑ፣ መኖ ከማቅረባቸው በፊት ሁልጊዜ ንግግር ያደርጉ ነበር። «የተከበራችሁ!» ብለው ሲጀምሩ ዶሮዎቹ ይሰበሰባሉ፤ የበርበሬውን መኖም እንደ ጤፍ ይለቅሙታል። ከብዙ ተሰብሳቢ የተሻለ ያዳምጡም ነበር።

ጋሽ ይገዙ ግን በዚህ አልረኩም። ሥጋው ጉልበት ይኑረው ብለው የደረቀ የዝዋይ ዓሣ አስፈጭተው መኖው ላይ ጨመሩ። ምን ያህል? እንደ ልባቸው ስፋት።

የመልሱ ቀን ሲቃረብ አንዷ ለሙከራ ታረደች። ወይዘሮ ጥሩብርሃን እንደ ወጉ ሥጋውን በሎሚና በጨው እያሹ፣ ውሃው ኩልል እስኪል ደጋግመው አጠቡት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ኮረሪማዬን አጠብሽው!»

«አይዞህ፣ እመልስልሃለሁ» አሉና ከብልቃጣቸው ኮረሪማ ነሰነሱበት።

ወጡ ሲወጣ ሥጋው ከአጥንቱ ተፋቶ፣ እግሩ ከፈረሰኛው ተዋህዶ ገንፎ መስሏል። እፀገነት ቀመሰችና አባቷን አየቻቸው።

«አባዬ... ዓሣ ዓሣ ይላል።»

ጋሽ ይገዙ ግን ፊታቸው በራ። «በጾም የምትበላ ዶሮ ተገኘች!»

«ወልደ አማኑኤል ይስሙህና!» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን፤ የንስሐ አባታቸውን መጥራታቸው ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ማድ ቤት ድርሽ እንዳትል።»

ጋሽ ይገዙ ይህን ትእዛዝ የሥራ ክፍፍል ብለው በደስታ ተቀበሉት፤ በመልሱ ዋዜማም ዶሮዎቹን ለዕርድ አስረክበው ወደ ጓሮ ዳግም አልዞሩም።

የመልሱ ዕለት ድንኳኑ ሞላ። ለአቶ ጉዲሳ ፈረሰኛው ቀረበላቸው። ጎረሱ፤ አላመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዶሮ ማለት ይሄ ነው!» አሉ አቶ ጉዲሳ።

ከዚህ በኋላ ጋሽ ይገዙን የሚያስቀምጥ ወንበር አልተገኘም። ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበራችሁ! አሁን የቀመሳችሁት ተራ ሥጋ አይደለም። እነዚህ ዶሮዎች ኮረሪማ እየበሉ አድገው፣ ዛሬ ለሁለቱ ቤተሰቦች ፍቅር ሲሉ አንድም ሳይቀሩ ተሠውተዋል!»

ከጓሮው ኳኳታ ተሰማ። የቆርቆሮው በር ወደቀና፣ «የተከበራችሁ» የሚለውን ጥሪ የሰሙት የሥጋ ዶሮዎች በውፍረታቸው እየተንገዳገዱ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። አንድም አልቀሩ። ጋሽ ይገዙ እግር ሥር ተሰብስበው በርበሬያቸውን መጠበቅ ጀመሩ።

አቶ ጉዲሳ ማላመጣቸውን አቆሙ። «አማቼ፣ እነዚህ ደግሞ ከሞት ተነሥተው ነው?»

እፀገነት ፊቷን በካባዋ ሸፈነች። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ወደ ፊት ወጡ። «እውነቱን ልናገር። እነዚህ ድስት አይችሉም። የበላችሁት ከአስኮ ገበያ የገዛሁትን የሐበሻ ዶሮ ነው።»

«እሱስ ምን እየበላ ነው ያደገው?» አሉ አቶ ጉዲሳ።

«ያገኘውን።»

አቶ ጉዲሳ እጃቸውን ወደ ማስታጠቢያው ዘረጉ። ጋሽ ይገዙ አንገታቸውን ደፍተው የሚያልፉበት መንገድ ሁሉ በዓይናቸው ዞረ። የአቶ ጉዲሳ እጅ ግን ማስታጠቢያውን ወደዚያ ገፋ አደረገና አንድ መላላጫ አነሣ።

«እንግዲያው ከዚያ ካገኘው ይጨመርልኝ!» አሉ፤ ድንኳኑም በሳቅ ተናጋ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። ጋሽ ይገዙ ግን ከሥልጠና የማይቦዝኑ ሰው ናቸው። በሳምንቱ ደጃፋቸው ላይ በጆንያ የተሞላ ነገር ተደርድሮ ታየ። ውስጡ ከድንኳኑ የተጠረገ ፍርፋሪ፣ የሽንኩርት ልጣጭና አፈር ነው፤ ላዩ ላይ በጉልህ ቀይ ቀለም «ያገኘውን ቁጥር አንድ፤ ምርጥ የዶሮ ሥጋ ማጣፈጫ» ተብሎ ተጽፎበታል።

የመጀመሪያው ገዢ ከሚኒባስ ወርደው፣ ግራ ቀኙን ገላምጠው መጡ። አቶ ጉዲሳ ነበሩ።

«አማቼ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ጥቂት ጫጩት ገዝቼ ነበር። ከዚህ በቀን ምን ያህል ልስጣቸው?»

ጋሽ ይገዙ ጆንያውን አሸከሟቸውና ክንዳቸውን ይዘው ወደ ቤት መሯቸው።

«እሱ የከሰዓት ትምህርት ነው» አሏቸው። «መጀመሪያ ምሳ እንብላ።»